ማስጠንቀቂያን ከመዝጋት በፊት

ኮምፓይለር ፕሮግራምን ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጉም፣ ስሕተት ባይሆንም የሚያጠራጥር ነገር ካገኘ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ብዙ ተማሪዎች ይህን በአንድ ትእዛዝ ይዘጉታል፤ ልማዱ ሊታረም ይገባዋል እንላለን።

የጂሲሲ ኮምፓይለር የሙከራ ስብስብ የተሻለ ሥርዓት አለው። የሚጠበቀው ማስጠንቀቂያ በሙከራው ፋይል ውስጥ፣ በሚወጣበት መስመር ላይ አስቀድሞ ይጻፋል። የተጻፈው ሳይወጣ ቢቀር ወይም ያልተጻፈ ቢወጣ ሙከራው ወድቋል ይባላል። ያለ አግባብ ይወጣ የነበረውም «ሐሰተኛ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ተመልሶ ከመጣ ይያዛል።

በሚገባ ሳይመረምሩ ማፈን የሚያስከትለውን በዴቢያን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ቫልግራይንድ የተባለው መመርመሪያ (ኮምፓይለር ባይሆንም ሥራው ይቀራረባል) ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ለማስቀረት ከኦፕንኤስኤስኤል ኮድ ሁለት መስመሮች ተሠረዙ። የአንደኛው መሠረዝ ጉዳት አልነበረውም። ሁለተኛው ግን ለምስጢር ቁልፍ የሚያስፈልገው የዘፈቀደ ቁጥር መነሻ የሚገባበት በር ነበር። ከዚያ በኋላ ቁልፎቹን የሚለያየው በተግባር የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ እርሱም ከ32,768 አይበልጥም። ጉድለቱ ይፋ የሆነው በ2008 ነው።

ስለዚህ በልምምድ ክፍለ ጊዜ ማስጠንቀቂያ የሚዘጋ ተማሪ ምክንያቱን ከትእዛዙ ጎን እንዲጽፍ፣ ካልጻፈም ነጥብ እንዲጎድልበት ሐሳብ እናቀርባለን።