ሦስት ደዌ በአንድ ቤት



ወደ ሰሊሆም የሚወርድ ተሳላሚ ሁሉ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ያስባል። ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት ስለ ዓይኑ ሳይሆን ስለ ኃጢአት ነበር፤ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። ጥያቄው ግን ዛሬም በንስሐ አባቶች ፊት ይቀርባል፤ ይልቁንም ደዌው ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወርድ። ስለዚህ ብዙዎች ስሙን ሰምተው ስለማያውቁት አንድ የዘር ሕመም እጽፋለሁ።

ሐኪሞች የባራካት ሕመም ይሉታል፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ስለ እርሱ በጻፈው ሐኪም በአሚን ባራካት ስም። ሕመሙ ዕጢን፣ ጆሮንና ኩላሊትን ይነካል። በአንገታችን ከታይሮይድ ዕጢ በስተኋላ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ፣ ብዙ ጊዜ አራት የሆኑ፣ ፓራታይሮይድ የሚባሉ ዕጢዎች አሉ። የሚያመነጩት ሆርሞን በደም ያለውን ካልሲየም በልኩ ያኖራል። ሆርሞኑ ሲጎድል ካልሲየም ይወርዳል፤ ከንፈርና የጣት ጫፍ ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይሸማቀቃል፣ እጅ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሲብስም ሰው ራሱን ስቶ ይንቀጠቀጣል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልዘግይ። እጁ ተኮማትሮ የወደቀ ልጅ ባየን ጊዜ አፋችን የሚቀድመው «መንፈስ ያዘው» ለማለት ነው። ርኩስ መንፈስ የለም አልልም፤ መጽሐፍም አይልም። ነገር ግን የካልሲየም ማነስ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ምርመራውም ጸበሉን አይከለክልም። ጸበል ጀመርሁ ብሎ መድኃኒት ማቋረጥን ግን ከእምነት አልቆጥረውም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም ከእግዚአብሔር የተሰጡ አድርጎ ያከብራል።

የመስማት ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጆሮ ይይዛል፤ በሕፃንነትም ይጀምራል። ልጁ «እልኸኛ፣ ሲጠሩት የማይሰማ» እየተባለ ይገረፋል፤ በእውነትም አይሰማም። ኩላሊት ደግሞ ዝምተኛ ነው፤ አንዱ ከመጀመሪያው ላይኖር፣ ወይም አንሶ ሊፈጠር ይችላል። ሦስቱም በሁሉ ሰው ላይ አይታዩም፤ በአንድ ቤት እንኳ ወንድምና እህት እኩል አይታመሙም።

መነሻው በ2000 እ.ኤ.አ. ታወቀ፤ በ10ኛው ክሮሞሶም ያለ ጋታ 3 የሚባል ዘረ መል ነው። ከሁለቱ ቅጂዎች የአንዱ መጎዳት ይበቃል። ስለዚህ ከታመመ ወላጅ የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ ሕመሙን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ አንድም ከጤነኛ ወላጆች በተወለደ ልጅ አዲስ ሆኖ ይጀምራል። እንግዲህ እናትን «ምን አድርገሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል? ይልቅስ አንድ ሰው ሲገኝበት የወላጆቹና የወንድም እህቶቹ ጆሮ፣ ደምና ኩላሊት ይመርመር።

መድኃኒቱ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሲሆን ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ክኒኑን የሚተዉ አሉ። ፍትሐ ነገሥት ለሕሙማን የጾምን ሥርዓት እንደሚያቀልል እያወቅን ይህን ማድረግ ተገቢ አይደለም። በራስ ፈቃድ መጨመርም እንዲሁ፤ የበዛ ካልሲየም ኩላሊትን ይጎዳልና። ስለ ሰዓቱና ስለ ቁርባን ከጾሙ በፊት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ስለ መጠኑ ሐኪማችሁን።

ለትንሣኤ የምትመጡ ሕሙማን መድኃኒታችሁን ከሻንጣ ሳይሆን ከእጃችሁ አድርጉት። ጆሮው የደከመ ሰው አብሯችሁ ካለም የካህኑን ከንፈር እንዲያይ ከፊት አቁሙት።