አፈሩን ማን ያድሰዋል? ሒሳቡንስ ማን ይከፍላል?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዓለም ታላላቅ የምግብና የመጠጥ ኩባንያዎችን አንድ አዲስ ፍቅር ይዟቸዋል፤ የአፈር ፍቅር። በዓመታዊ ሪፖርታቸው፣ በማስታወቂያቸው፣ አልፎ አልፎም በቡናው ቆርቆሮና በቁርስ እህሉ ካርቶን ላይ «ሪጀነሬቲቭ» የሚል ቃል ይነበባል። በአማርኛ «አፈርን መልሶ የሚያድስ ግብርና» ልንለው እንችላለን፤ ለአጭሩ አዳሽ ግብርና እንበለው። ቃሉ መልካም ነው፤ ሐሳቡም መልካም ነው። የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከቃሉም ከሐሳቡም ጋር አይደለም። ጠቡ በማሸጊያው ላይ ከማይጻፍ አንድ ጥያቄ የተነሣ ነው፦ አፈሩ እስኪታደስ ድረስ ያለውን ኪሳራ የሚሸከመው ማን ነው?

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቃሉን በ1980ዎቹ ያስታወቀው አሜሪካዊው የኦርጋኒክ ግብርና አቀንቃኝ ሮበርት ሮዴል ነው። ቁም ነገሩ ቀላል ነው፤ መሬት እየሰጠ የሚደኸይ ሳይሆን እየሰጠ የሚበለጽግ ይሁን ማለት ነው። ለዚህም አፈርን ራቁቱን አለመተው፣ ደጋግሞ ማረስን መቀነስ፣ ሰብልን ማፈራረቅ፣ ዛፍንና ሰብልን ማዛመድ፣ ፍግንና ብስባሽን ወደ ማሳ መመለስ ያስፈልጋል። የአገራችን አንባቢ ይህን ሰምቶ «ይህማ አያቴ ሲያደርገው የኖረ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

«ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል ዳኛ አለው። በአውሮፓ ከ1991 ጀምሮ ሕግ ወጥቶለታል፤ በአሜሪካም የፌዴራሉ ደንብ ከ2002 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ደንቡን ያልጠበቀ አምራች ቃሉን በማሸጊያው ላይ ሊያትመው አይፈቀድለትም። «ሪጀነሬቲቭ» ግን በአውሮፓ ኅብረትም ሆነ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለ ዳኛ የለውም። በእርግጥ የግል ማረጋገጫዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ጥብቅ ናቸው። ለምሳሌ ከመሥራቾቹ አንዱ የሮዴል ተቋም የሆነው «ሪጀነሬቲቭ ኦርጋኒክ» የተባለው ማረጋገጫ፣ ኦርጋኒክነትን መነሻ አድርጎ የገበሬውንና የሠራተኛውን ፍትሐዊ አያያዝ ጭምር ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ማንኛውም ኩባንያ ይህን ወደ ጎን ትቶ የራሱን ትርጉም ራሱ ጽፎ፣ በዚያው ትርጉም ራሱን ለክቶ፣ በመጨረሻም «አልፌአለሁ» ማለት ይችላል። ተማሪ ፈተናውን ራሱ አውጥቶ፣ ራሱ አርሞ፣ ለራሱ «ኤ» ሲሰጥ ያየ መምህር ምን እንደሚል አንባቢ ይገምት።

እስቲ ቃል ኪዳኖቹን እንመልከት። ጄኔራል ሚልስ በ2019 አዳሽ ግብርናን እስከ 2030 ድረስ በ1 ሚሊዮን ኤከር መሬት ላይ እንደሚያስፋፋ አስታወቀ። ፔፕሲኮ በ2021 ግቡን 7 ሚሊዮን ኤከር አደረገ፤ በ2025 ደግሞ ወደ 10 ሚሊዮን ከፍ አደረገው። ኔስሌ ከዋና ዋና ጥሬ ዕቃዎቹ 20 በመቶውን እስከ 2025፣ 50 በመቶውን እስከ 2030 በዚሁ መንገድ ከሚመረት እርሻ እንደሚያገኝ ቃል ገባ። ልብ በሉ፤ የሚለካው መሬቱ ነው፣ የሚለካው ጥሬ ዕቃው ነው። የገበሬው ኪስ ግን ከነዚህ ግቦች በአንዱም አይለካም። ይህ የኔ ክፉ ምኞት የወለደው ትችት እንዳይመስላችሁ። ፌር ኢኒሼቲቭ የተባለው የባለሀብቶች መረብ በ2023 ባወጣው ጥናት 79 ታላላቅ የምግብ ኩባንያዎችን መርምሮ፣ ስለ አዳሽ ግብርና በይፋ የሚናገሩት 50 መሆናቸውን፣ ከነዚህም 64 በመቶዎቹ በቁጥር የተወሰነ ግብ የሌላቸው መሆኑን አሳይቷል። ገበሬው በሽግግሩ ወቅት የሚያወጣውን ለመደገፍ የገንዘብ ግብ ያስቀመጡት ደግሞ ከ50ው 4ቱ ብቻ ነበሩ። ይህን ያለው የገበሬዎች ማኅበር አይደለም፤ ገንዘባቸውን በነዚሁ ኩባንያዎች ላይ የሚያፈስሱ ሰዎች መረብ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

«ገንዘብ የመደበ የለምን?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። አለ። ኔስሌ በ2022 ለኔስካፌ ቡና እስከ 2030 ድረስ ከ1 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ እንደሚያፈስ አስታውቋል። በቁጥሩ ከመደንገጣችን በፊት ግን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ለ8 ዓመታት ሲካፈል በዓመት 125 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። የኩባንያው ጠቅላላ ሽያጭ በዚያው በ2022 ዓመት 94.4 ቢሊዮን ፍራንክ ነበር። ከእያንዳንዱ 1,000 ፍራንክ ገቢ ወደ አፈሩ የሚመለሰው 1 ፍራንክ ከ30 ሳንቲም አካባቢ መሆኑ ነው። ንጽጽሩ ለቡናው ሽያጭ ብቻ ቢሆን እንኳ ከመቶ አንድ አይደርስም። ዕቅዱ ያተኮረው ኩባንያው ለኔስካፌ ከሚገዛው ቡና 90 በመቶው በሚመጣባቸው ሰባት አገሮች ላይ ነው፤ ብራዚል፣ ቬትናም፣ ሜክሲኮ፣ ኮሎምቢያ፣ ኮትዲቯር፣ ኢንዶኔዥያና ሆንዱራስ። የአረቢካ ቡና መገኛ የሆነችው አገራችን ከዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ነጋዴ ከሚሸምትበት ገበያ መዋሉ ነውር አይደለምና በዚህ አልከስም። ነገር ግን ይኸው ቋንቋና ይኸው አሠራር የኛን ቡና በሚገዙት ዘንድም እየተለመደ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ሳይመለከተን ሊያልፍ አይችልም።

አሁን ወደ አያታችን ማሳ እንሂድ። ከኢትዮጵያ ቡና አብዛኛውን የሚያመርተው አነስተኛ ገበሬ ነው፤ የብዙዎቹም የቡና ማሳ ከግማሽ ሔክታር አይበልጥም። ጌዴኦን ውሰዱ። ከላይ ረጃጅም ጥላ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ በየመካከሉ ጎመኑና ቦዬው። ቅጠሉ ረግፎ አፈሩን ያለብሳል፣ የእንሰቱ ሥር ውኃ ይይዛል፣ ዛፉ ጥላ ይሰጣል። ይህ መልክዐ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ለዚህ ገበሬ «ጥላ ዛፍ ትከል፣ አፈርህን አልብስ» የሚል መመሪያ ይዞ መሄድ፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ነው። የጌዴኦ ገበሬ የጎደለው እውቀት አይደለም፤ እውቀቱን የሚያኖርበት ገቢ ነው።

ማስረጃ እነሆ። በቡና ማሳ እድሳት ውስጥ ከሚመከሩት ሥራዎች አንዱ ጉንደላ ነው። ያረጀው የቡና ግንድ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆረጥና አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ይደረጋል። በሙያው ረገድ ትክክለኛ ምክር ነው፤ ያረጀ ቡና ምርቱ ይቀንሳል፣ የተጎነደለው ግን ታድሶ ብዙ ያፈራል። ነገር ግን የተጎነደለው ግንድ እንደገና ምርት የሚሰጠው ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። በነዚያ ሁለት ዓመታት ገበሬው ልጁን በምን ያስተምር? ግብሩን በምን ይክፈል? ለማሽላና ለበቆሎ መግዣ ከየት ያምጣ? አሠልጣኙ መቁረጫውን ያሳያል፣ ፎቶግራፉ ይነሣል፣ የማሳው ስፋት በሪፖርቱ ላይ ይደመራል። ኩባንያው ከዚያች ቀን ጀምሮ «አድሻለሁ» ይላል፤ ገበሬው ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ ገቢውን ያጣል። ጥያቄዬ ሁሉ በዚህ በአንድ ግንድ ላይ የተጠቃለለ ነው።

ዋጋ ሲወድቅ አፈሩ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ምርምር አያሻንም፤ አይተነዋል። በ2001 የኒውዮርክ የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ፣ በሐረርጌ ስንቱ ገበሬ ለዘመናት የኖረ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። ያንን ቡና የነቀለው የአፈር ትምህርት እጦት አይደለም፤ ዋጋ ነው የነቀለው። በ2019 ዋጋው እንደገና ከ1 ዶላር በታች ወረደ፤ በየካቲት 2025 ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ጥላ ዛፍ የሃያ ዓመት ውሳኔ ነው። ዋጋው እንዲህ በሚዋልልበት ገበያ የሃያ ዓመት ውሳኔ ወስን ብሎ ገበሬን ማዘዝ፣ ዋስትናውንም መንፈግ፣ ምክር ሳይሆን ሹፈት ነው።

የኩባንያዎቹ ጠበቆች የሚያቀርቡት ክርክር እንዲህ የሚል ነው፤ «ከምንም ጥቂት ይሻላል፤ ሥልጠናውና ችግኙ የጠቀመው ገበሬ የለምን?» አለ፤ አልክድም። ጥሩ ችግኝ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ምክርም ጥሩ ነው። ነገር ግን ኩባንያዎቹ ራሳቸው ይህ እንደማይበቃ ያውቃሉ። ያው የኔስካፌ ዕቅድ በሜክሲኮ፣ በኮትዲቯርና በኢንዶኔዥያ ለገበሬው የገንዘብ ማበረታቻንና የአየር ጠባይ መድንን የሚያካትት ሙከራ ይዟል። መድኃኒቱ ታውቋል ማለት ነው። የታወቀ መድኃኒት በሙከራ ስም ለጥቂቶች እየተጠበጠ፣ ማስታወቂያው ግን ለመላው ዓለም የሚታደለው ስለ ምንድን ነው?

ስለ እኛም ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ባዕዱን ብቻ መክሰስ ቀላል ነው። በሆቴል አዳራሽ ስብሰባ ላይ «እኛ ድሮም አዳሽ ነን» እያልን የምናጨበጭብ ምሁራንና ሹማምንት ገበሬውን ሁለተኛ ጊዜ እንበድለዋለን። ሁሉም ማሳ ጌዴኦ አይደለም። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ የሚኖር ገበሬ ፍጉን ኩበት አድርጎ ያነደዋል፤ ገለባውን ለከብቱ ይሰጣል፤ አፈሩ የሚመለስለት ነገር የለም። ኩበት የሚያነደው ፍግ ለአፈር የሚሰጠውን ጥቅም አጥቶት አይደለም፤ ማገዶ አጥቶ ነው። እንግዲህ አፈር ማደስ እዚህም ላይ የገንዘብ ጉዳይ ሆኖ ያርፋል። በዚህ ላይ በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የግለሰብ ንብረት አላደረገም፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ነገ የልጁ መሆኑን ያላረጋገጠ ሰው ለልጅ ልጁ ዛፍ አይተክልም። ለባዕድ ኩባንያ የረዥም ጊዜ ውል የሚጠይቅ መንግሥት፣ በቅድሚያ ለገበሬው የረዥም ጊዜ ዋስትና ሊሰጥ ይገባዋል።

መደራደር አንችልም የሚለኝ ካለ፣ ታሪክ እንዳንችል አላስተማረንም። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም ከጎናችን አልቆመም። በ2006 ኦክስፋም ክርክሩን አደባባይ አወጣው፤ ገዢው ሕዝብ ጠየቀ፤ በሰኔ 2007 ስታርባክስ ስሞቹን የሚያውቅ ስምምነት ፈረመ። ስምምነቱ የስም ክፍያ አላስገኘም፤ ፍጹም ድልም አልነበረም። ነገር ግን ብራንድ የሚፈራው አንድ ነገር እንዳለ አሳይቶናል፤ እርሱም የራሱ ደንበኛ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ይሁን። በአዳሽ ግብርና ስም ቡናችንን የሚሸጥ ኩባንያ ከገበሬው ኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ቢያንስ የአምስት ዓመት የግዢ ውል ይፈርም፤ ውሉም የማምረቻ ወጪን የሚሸፍን የመነሻ ዋጋ ይኑረው። ቡና ሲጎነደል፣ ማሳ ሲታደስ የሚጠፋውን የሁለት ዓመት ገቢ ገዢው ይካስ። ከማሳው የሚሰበሰበው መረጃ የማኅበሩ ንብረት ይሁን። በየዓመቱም ኩባንያው የኤከሩን ብዛት ከማተሙ በፊት፣ ገበሬው ለአንድ ኪሎ እሸት ቡና ስንት እንደ ተከፈለው ያትም። አራቱም ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ላይ የሚሰፍሩ ናቸው፤ ኩባንያዎቹ ከሚያሳትሙት ባለ ቀለም ሪፖርት ያነሰ ወረቀት ይፈጃሉ።

በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት በገበያ አዳራሽ መደርደሪያ ፊት የምትቆሙ ወገኖቻችን፣ ያንን ቃል በማሸጊያው ላይ ስታዩ ይህችኑ አንዲት ጥያቄ ጻፉላቸው፦ «ለገበሬው በኪሎ ስንት ከፈላችሁ?» መልስ ካላቸው ሸምቱ፤ አመስግኗቸውም። መልስ ከሌላቸው ግን ያ ቃል ቀለም ነው። ቀለም ደግሞ አፈር አያድስም።