«እኔንም!»

በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፤ ሬድመንድ በምትባለው ከተማ የሚገኘው ማይክሮሶፍት የተባለው ታላቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ሠራተኞች ሲያወሩት የኖሩትን አንድ ጨዋታ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1997 ዓመት አንድ ሠራተኛ፤ ብዙ ሺሕ ባልደረቦቹ በተመዘገቡበት የኢሜይል ዝርዝር ውስጥ ስሙን ቢያገኘው «ከዚህ አውጡኝ» ብሎ ጻፈ። ጽሕፈቱ ግን ላንድ ሹም ብቻ ሳይኾን በዝርዝሩ ላሉት ኹሉ ደረሰ። ያነበቡትም «እኔንም!» «እኔንም!» እያሉ ይመልሱ ዠመር። ሌሎችም ተቈጥተው «ለኹሉ መመለስ ይቅር!» ብለው ጻፉ፤ ይህንኑም የጻፉት ለኹሉ ነበር። እንዲህ ሲባዛ መልእክቱ በሚሊዮን ተቈጠረና የኩባንያው የኢሜይል መሣሪያ ሸክሙ ከብዶት ደከመ።

ከዚያ በኋላ መሐንዲሶቹ አንድ መልእክት የሚላክላቸውን ሰዎች ቍጥር የሚወስን ሥርዓት አበጁ፤ «እኔንም» የምትለውም ቃል የመሥሪያ ቤቱ መሣቂያ ኾና ቀረች።

እኛም ይህን ሰምተን ሣቅን፤ ነገር ግን ሣቃችን ወደ ራሳችን ተመለሰ። በየቤታችን ልጆች ሲንጫጩ «ዝም በሉ!» እያለ ከልጆቹ አብልጦ የሚጮኽ አባት፤ በጉባኤም «ነገር አታብዙ» እያለ ነገር የሚያበዛ ሹም የለምን? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፤ ጸጥታን የሚሻ ሰው አስቀድሞ ራሱ ጸጥ ይበል። ስሕተትም በደረሰ ጊዜ፤ ደንቡን አቅንቶ አብሮ መሣቅ ቂም ከመያዝ ይሻላል።