የደብሩን ዛፍ ማን ይቆጥራል? ታሪክና ማኅበረሰብ በቤተ ክርስቲያን ደን ጥናት ላይ

የቅኔ ተማሪ ሳለሁ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ከሚገኙት የገጠር አድባራት በአንዱ፣ ሁለት ወጣቶች ረጅም ሜትር ይዘው ወደ ቅጥረ ቤተ ክርስቲያኑ ገቡ። ከጥድ ወደ ወይራ እየተዘዋወሩ የግንዱን ውፍረት ይለካሉ፣ በደብተር ይመዘግባሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ የመጡትም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ደኑን ሊያጠኑ ነው። ከቅዳሴ የወጡ አንድ አዛውንት ሜትሩን አይተው ቆሙና «መሬቱን ሊለኩት ነው?» አሉ። የሚለካው ዛፉ እንጂ መሬቱ እንዳልሆነ ቢነገራቸውም ፊታቸው አልተፈታም። የሰበካ ጉባኤው አባላት ተሰብስበው እስኪመክሩ ድረስ የዕለቱ ሥራ ቆመ።

ያን ጊዜ የአዛውንቱ ጥርጣሬ ካለማወቅ የመጣ መስሎኝ ነበር። ኋላ ታሪክ ሳነብ ግን ያላወቅሁት እኔ እንደ ነበርሁ ተረዳሁ። ቀላድ በተጣለበት በሌላው የአገራችን ክፍል ብዙ ገበሬ ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱን ጎጃም ሰምቷል፤ ስለዚህም ርስቱን በገመድ ማስለካትን አጥብቆ ሲቃወም ኖሯል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ በሞጣ፣ በብቸናና በሌሎችም አካባቢዎች ገበሬው በዐመፅ ተነሣ። ግብሩን ርስቱ የሚለካበትና በኋላም የሚነጠቅበት መንገድ አድርጎ ተመልክቶት ነበር። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥውን ለማንሣት ተገደደ። እንግዲህ በጎጃም ምድር ሜትር ታሪክ ያለው መሣሪያ ነው። ይህን የማያውቅ አጥኚ የሕዝቡን ዝምታ «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ይጽፋል።

ሳይንስ ከሰው ነጻ ሆኖ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ጠያቂ አለው፣ ገንዘብ ከፋይ አለው፣ የሚጻፍበት ቋንቋ አለው፤ ከሁሉም በፊት ጥያቄውን የወለደ ዘመን አለው። ይህ ማለት ግን ውጤቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ደኖች ጥናት ሁለቱንም በአንድነት ያሳየናል።

ኢትዮጵያዊው የደን ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 የዶክትሬት ጥናታቸውን ያጠናቀቁት በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው። ከዓባይ ማዶ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች ተመዝግበዋል። ከዚያ ወዲህ የዓለም ዓይን ወደ አጥቢያዎቻችን ዞረ። በታረሰ መሬት መካከል እንደ ደሴት የቆሙት ክብ ደኖች ከአየር ላይ ተነሥተው በየመጽሔቱ ታዩ። እኛም በዐውደ ምሕረት ላይ እየጠቀስን «ቤተ ክርስቲያን ደኑን ጠበቀች» ብለን አስተማርን፤ ይህ ጸሐፊም ከአስተማሪዎቹ አንዱ ነው። አዳም ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ መታዘዙን (ዘፍ. 2፥15) ለሚያምን ሰው ቃሉ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ምስጋናው ከየትኛው ትረካ ውስጥ እንደ መጣ መመርመር ይገባናል።

ሁላችንም በትምህርት ቤት «የኢትዮጵያ ደን በአንድ ምዕት ዓመት ውስጥ ከመቶ 40 እጅ ወደ 4 እጅ ወረደ» ሲባል ሰምተናል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ የዚህን ቁጥር ምንጭ ተከታትሎ፣ አኀዙ በልኬት የተገኘ ሳይሆን ከአንዱ ሰነድ ወደ ሌላው እየተገለበጠ የተላለፈ ግምት መሆኑን አሳይቷል። ታዲያ ለምን ይህን ያህል ተወደደ? በእኔ አስተያየት፣ ጥፋቱን ሁሉ በገበሬው ጫንቃ ላይ ስለሚጭን ነው። እንዲህ ያለው ትረካ ለመንግሥትም ለረድኤት ድርጅትም ይመቻል። በዚያ ትረካ ውስጥ ገበሬው አጥፊ፣ ካህኑ ጠባቂ ይሆናሉ። ነገር ግን ያው ገበሬ እሑድ ነጠላውን አጣፍቶ በዚያው ጥድ ሥር ቆሞ የሚያስቀድስ ምእመን አይደለምን?

ሌላው ምስክር ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ለካርታ ሥራ የአየር ፎቶግራፎችን አንሥቶ ነበር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1938 የተነሡትን ከቅርብ ዓመታት ምስሎች ጋር አስተያይተው፣ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ስፋት በአብዛኛው ጸንቶ መቆየቱን፣ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ግን መመናመኑን ጽፈዋል። አቡነ ጴጥሮስን በጥይት የገደለ፣ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት የፈጀ ሠራዊት ያስቀረው ምስል ዛሬ ለደኖቻችን ምስክር ሆነ! ማስረጃውን አንጥልም፤ ከማን እጅ እንደ ተቀበልነው ግን አንርሳ። ከላይ የተነሣ ፎቶ ዛፉን እንጂ ከዛፉ ሥር ያለውን ሰው አያሳይም።

ከዛፉ ሥር ያለው ሰው ደግሞ የራሱ ችግር አለበት። በብዙ አጥቢያዎች ከአገር በቀሉ ዛፍ ጎን ባሕር ዛፍ እየተተከለ መሆኑን እናውቃለን፤ የተከልነውም እኛው ነን። አጥኚው ይህን «ለአገር በቀሉ ደን ስጋት» ብሎ ይመዘግባል፤ ትክክልም ነው። ከዚያ በስተጀርባ ግን የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ አለ። አዋጁ ብዙውን ጭሰኛ ከባለርስቱ ነጻ አውጥቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን አድባራቱ አገልጋዮቻቸውን ያኖሩበት የነበረው መሬት አብሮ ሄደ። በምትኩ ቋሚ ገቢ ያላገኘ ደብር ጣሪያውን በቆርቆሮ ለመክደን፣ ለካህናቱም ጥቂት ብር ለመስጠት ፈጥኖ የሚደርሰውን ባሕር ዛፍ ተከለ። የደን ጥናት ይህን ካልጠየቀ ምክሩ «አትትከሉ» ከማለት አያልፍም።

ጥያቄው ለምን እንደሚጠብ ለመረዳት የዩኒቨርሲቲያችንን አመጣጥ ማስታወስ ይጠቅማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ኃላፊ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት ነበሩ፤ ማስተማሪያ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ሆነ። በዚያ ወቅት ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ለረጅም ዘመናት የቅኔ ሊቃውንትን ሲያፈሩ ኖረዋል። ሁለቱ የትምህርት ቤቶች ሥርዐት በአንድ አገር እየኖሩ ሳይተዋወቁ ቀሩ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተማሪዎችን ሲቀበል በዙሪያው ስንት ጉባኤ ቤት ነበር! ዛሬም አባቱ ቅኔ የተማረ ወጣት ስለ አባቱ ደብር በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ የአባቱ ዕውቀት ደግሞ «አገር በቀል ዕውቀት» በሚል ርእስ በአንድ አንቀጽ ታጥሮ ይቀራል።

የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው ከሰው ተለይቶ በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ደኑ ለእርሱ መማሪያ ክፍሉ ነው። የተማሪ ጎጆና ማገዶ ደኑን እንደሚጎዱ በጥናት ቢጻፍ እውነት አለው፤ እኔም ጭራሮ ለቅሜአለሁ፣ አንዳንዴም ከጭራሮ ያለፈ። ነገር ግን ሌሊት መጥረቢያ ሲሰማ ቀድሞ የሚጮኸውም ያው ተማሪ ነው። ጉባኤ ቤቱ ሲፈታ ደኑ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ የኔታ ጎጆ የሚመጣ የደን ተመራማሪ እንናፍቃለን።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ነገሩን አክብዶታል። ወደ ገጠር አድባራት መጓዝ ባስቸገረ ቁጥር ጥናት ወደ ሳተላይት ምስል ያዘነብላል፤ እንደ ገና ከላይ ወደ ታች መታየት ይመጣል። ስለዚህ ሰላም እስኪወርድ ሳይጠብቁ አህጉረ ስብከት ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። አጥኚ ፈቃድ ሲጠይቅ ሰበካ ጉባኤው የጥናቱ ውጤት በአማርኛ ተጽፎ ለደብሩ እንዲመለስ፣ የመምህራኑም ዕውቀት በስማቸው እንዲመዘገብ በጽሑፍ ይዋዋል። ለሜትሩ በሩን መዝጋት አያስፈልግም።

እነዚያ ሁለት ወጣቶች በማግሥቱ ተፈቅዶላቸው ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። ውጤቱ ወደ ደብሩ አልተመለሰም። አስቀድመው የተጠራጠሩት አዛውንት ግን በዛፎቹ መቆጠር ልባቸው ተነክቶ ኖሮ፣ እኔ ከዚያ ጉባኤ ቤት እስክወጣ ድረስ በየበዓሉ «ልጆቼ፣ ስንት ሆነ?» እያሉ ይጠይቁን ነበር።