ለክረምቱ የብስክሌት መለማመጃ ስንገዛ

የሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ከወርሃዊው መዋጮ የተረፈውን ገንዘብ ለስፖርት ለማዋል ማሰቡ የሚደገፍ ነው። በመጪው ክረምት ብስክሌት የሚነዱ ወጣቶችና ጎልማሶች በአዳራሹ ውስጥ ሆነው ሰውነታቸውን የሚያሠሩበት መሣሪያ ይገዛ የሚለው ሐሳብም ባለፈው ስብሰባ ላይ ሰፊ ድጋፍ እንዳገኘ ሁላችንም እናውቃለን። ዳሩ ግን ምን ዓይነት መሣሪያ ይገዛ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ነገሩ በደንብ ሳይመረመር ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስለመሰለኝ፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት በዚህ ሰሌዳ ላይ አስተያየቴን ለማቅረብ እወዳለሁ።

ያዘነበለውም በኤሌክትሪክ ወደሚሠራውና ከቴሌቪዥንና ከኢንተርኔት ጋር ወደሚገናኘው ዘመናዊ መሣሪያ ነው። አንዱን ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው አስመጥተን አዳራሹ መሐል እንገትረው ነው ነገሩ። በበኩሌ ይህ አይሁን እላለሁ።

ለመሆኑ መሣሪያው ራሱ ለምን አስፈለገ የሚሉ ስላሉ መጀመሪያ እሱን ልመልስ። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በእርጥብ አስፋልት ላይ የብስክሌት ፍሬን በደረቁ እንደሚይዘው አይይዝም፤ ውኃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅም፤ የመኪናው ሾፌርም በጉም በተሸፈነ መስታወት ብስክሌተኛውን አያየውም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ በአንዳንድ ዋና ዋና መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር መሠራቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መስመሩ ከእኛ በር አይጀምርም። እዚያ እስኪደረስ ያለውን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። አምና በነሐሴ አንድ የሰፈራችን ልጅ እዚሁ ታጠፍ ላይ ተንሸራትቶ ክንዱ ተሰብሮ ሁለት ወር በጀሶ ከረመ። እናቱ ብስክሌቱን ሽጠውት አረፉ።

ብስክሌት የቅንጦት ነገር ነው የሚሉም አልጠፉም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ እንደነበር ይታወስ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የእኛ ልጆች እዚያ ይደርሳሉ ብዬ አይደለም፤ ስፖርቱ ባዳ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ልምምድ የለመደ ሰው ሁለት ሦስት ሳምንት ሙሉ በሙሉ ካቆመ የልቡና የሳንባው አቅም መውረድ ይጀምራል። ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ በመስከረም ወደ እንጦጦ ልውጣ ያለ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ብስክሌቱን እየገፋ የሚታየው ለዚህ ነው። ደስ የሚለው ግን የተገኘውን አቅም ጠብቆ ለማቆየት በየቀኑ መልፋት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ በሳምንት 6 ቀን ይሠለጥኑ የነበሩ ሰዎች ልምምዱን ወደ 2 ቀን ቀንሰው፣ ጥንካሬውን ግን ሳያላሉ፣ ለ15 ሳምንታት አቅማቸውን ጠብቀው ቆይተዋል። የእኛ ክረምት ከሰኔ አጋማሽ እስከ እንቁጣጣሽ ቢቆጠር 11 ወይም 12 ሳምንት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል ማለት ነው። ቀኑ ያንሳል እንጂ ላቡ አይነስ። አሥር ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ ከዚያ 3 ደቂቃ ጠንከር 2 ደቂቃ ቀለል እያደረጉ አምስት ጊዜ፣ በመጨረሻ 5 ደቂቃ ማቀዝቀዣ፤ በድምሩ 40 ደቂቃ። ጠንከር በሚባለው ሰዓት ከጎን ካለው ሰው ጋር ወሬ መጠረቅ የሚችል ሰው እየሠራ አይደለም።

እንግዲህ ሒሳቡን እንየው። አዳራሹ ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ቢከፈት፣ ለአንድ ሰው ብስክሌት መግጠሚያውን ጨምሮ 45 ደቂቃ ቢሰጥ፣ በአንድ መሣሪያ ላይ በአንድ ምሽት አራት ሰው ይሠራል። በሳምንት ስድስት ምሽት 24 ተራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ተራ ሲደርስ 12 ሰው ብቻ። የቀረው ምን ሊሆን ነው? ሁለት መሣሪያ ካለ ግን 24 ሰው ይዳረሳል። በሰፈራችን አዘውትረው የሚነዱት ከዚህ አይበልጡም። ለአንዱ ዘመናዊ መሣሪያ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ሁለት ተራ ማቆሚያ ገዝቶ ይተርፋል።

ተራ ማቆሚያ ስል ብዙዎች ትሬይነር የሚሉትን ነው። የብስክሌቱ የኋላ እግር ብረቱ ላይ ይታሰርና ጎማው ከአንዲት ትንሽ ሲሊንደር ጋር ተጣብቆ ይዞራል። ክብደቱን የሚሰጠው ነገር ሦስት ዓይነት ነው። በንፋስ የሚሠራው እንደ ቬንትሌተር ስለሚጮህ ለእኛ አይሆንም፤ ከአዳራሹ በላይ ሰው ይኖራል። በማግኔት የሚሠራው ጸጥ ያለና ርካሽ ነው፤ ክብደቱ በእጅ ማንሻ ይጨመራል ይቀነሳል። በዘይት የሚሠራው ፍጥነት በጨመሩ ቁጥር ራሱ እየከበደ ስለሚሄድ የመንገዱን ስሜት ይሰጣል፤ ነገር ግን ረጅም ጊዜ ሲሠራ ይሞቃል፣ ሲያረጅም ዘይቱ ሊያፈስ ይችላል። ብዙ እጅ ለሚነካካው የጋራ ዕቃ እኔ የማግኔቱን እመርጣለሁ። ሲበላሽም ኩሽኔታውን ፈትቶ የሚቀይር ሰው እዚሁ አይጠፋም።

ሦስት ሲሊንደር ያለው ሮለር የሚባለውም አለ። ብስክሌቱ በምንም ሳይታሰር ከላይ ሆኖ ይነዳል። ሚዛን ለመጠበቅና ፔዳል በእኩል ለመርገጥ እሱን የሚያክል የለም፤ ጀማሪ ግን ይወድቅበታል። ለአዳራሽ አልመክረውም።

አሁን ዘመናዊው የማይስማማን በዋጋው ብቻ አይደለም። በዚያኛው ላይ የኋላው ጎማ ይወልቅና ካቴናው በቀጥታ በመሣሪያው ጥርስ ላይ ይገባል። ለአንድ ሰው በቤቱ ይህ በጣም ጥሩ ነው፤ ድምፁም ዝቅ ያለ፣ ጎማም የማይበላ። ነገር ግን የመሣሪያው ጥርስ ከብስክሌቱ ማርሽ ቁጥር ጋር መስማማት አለበት። የእኛ ሰፈር ብስክሌቶች አንዱ ባለ 7፣ አንዱ ባለ 9፣ ሌላው ባለ 11 ናቸው። በየተራው ጥርስ እየፈታ የሚገጥም ማን ነው? መብራት ሲጠፋ ደግሞ አብዛኞቹ ክብደታቸውን መቆጣጠር አይቻልም። በክረምት መብራት ስንት ቀን እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግራችሁም። ማግኔቱ ግን በሻማ ብርሃንም ይሠራል። ከአሜሪካ ይምጣ ከተባለም እዚያ ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ስለሆነ መሰኪያው ላይ የተጻፈው ሳይታይ መሰካት የለበትም። ክብደቱም ብቻውን የአንድ ሻንጣ ልክ የሆነውን 23 ኪሎ ሊጨርስ ይችላል።

ተራውም ቢሆን ዝም ብሎ አይገዛም። የሚገዛው ሰው አንድ ባለ 26 እና አንድ ባለ 28 ጎማ ብስክሌት ይዞ ሄዶ ሱቁ ውስጥ ይሞክረው። ብዙዎቹ የእኛ ብስክሌቶች የኋላ ጎማቸው በዳዶ የታሰረ ነው፤ ማቆሚያው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያዘው በራሱ ረጅም ቡሎን ነው። ለባለ ዳዶው የሚሆን መያዣ አብሮ ከሌለው ግማሾቻችን ቆመን ተመልካች መሆናችን ነው። የልጆቹ ትንንሽ ብስክሌቶችም እንደማይገጥሙ ከወዲሁ ይነገራቸው፤ በኋላ ለቅሶ እንዳይሆን። የተራራ ብስክሌት ጥርሳም ጎማም እዚያ ላይ ሲዞር እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ቶሎም ያልቃል። ስለዚህ ልሙጥ ጎማ ሁለት ቢገዛና አንድ አሮጌ ብስክሌት በአንደኛው ላይ እንደተገጠመ ቢቀር፣ ብስክሌት የሌለውም፣ መንገድ ላይ በሚሰሙት ንግግር ምክንያት መውጣት የጠሉ እህቶቻችንም ይጠቀሙበታል።

ከላይ የሚኖሩ ጎረቤቶች ቅሬታም በንቀት መታየት የለበትም። ጩኸቱ ብቻ ሳይሆን ንዝረቱ በግድግዳው በኩል ይሄዳል። ከስሩ ወፍራም ላስቲክ ወይም አሮጌ ምንጣፍ ሁለት እጥፍ ይነጠፍ። ቤት ውስጥ የሚነዳ ሰው ንፋስ ስለማይነካው በላብ ይታጠባል፤ መስኮቱ ይከፈት፣ ፎጣና ውኃ ይያዝ፣ ላቡም ከብረቱ ላይ ይጠረግ፣ ዝገት ያመጣልና። አዳራሹ ውስጥ ቡና በሚፈላበት ቀን ደግሞ ከሰሉ ሳይወጣና ክፍሉ ሳይናፈስ ማንም እንዳይሠራ። የከሰል ጭስ በዝግ ቤት ለተቀመጠውም አደጋ ነው፣ እንኳን እያለከለከ ለሚተነፍሰው።

እኛ ብስክሌት አንነዳ፣ ለምን ከመዋጯችን ይወጣል የሚሉ እናቶችና አባቶች ጥያቄ ግን ትክክለኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ስለዚህ ከሁለቱ ማቆሚያዎች በሚተርፈው ገንዘብ አንድ ቀላል ቋሚ ብስክሌት፣ ኮርቻው ዝቅ የሚልና በማግኔት የሚሠራ፣ ለታላላቆቻችን ቢገዛ ጥያቄያቸውን ይመልሳል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው መሬት ላይ ከመሮጥ ይልቅ ይህን ይችሉታል፤ የልብ ሕመም ያለባቸው ግን አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ኮርቻውን ሲያስተካክሉ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ትንሽ እንደታጠፈ እንዲቀር ይሁን። የጠዋቱ ሰዓት ለእነሱ ቢለቀቅ ከወጣቶቹ ጋር ተራ አይጋፉም።

የቀረው የቁልፉ ጉዳይ ነው። የእድሩ ድንኳንና ወንበር ያለበት ክፍል ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ስለሆነ ያ ሰው ከሌለ አዳራሹ ተዘግቶ ይውላል። ከመሣሪያው ግዢ በፊት ሁለተኛ ቁልፍ ይቀረጽ፣ የተራ መዝገብም በር ላይ ይሰቀል። በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ላይ ይህን ሐሳብ የሚቃወም ካለ የብስክሌቱን የማርሽ ቁጥር ይዞ ይምጣ።