በሩን የዘጋው እምነት አይደለም

ሰሞኑን ያደመጥሁት ግጥም ሃይማኖቱን በመለወጡ ከቤት ስለተባረረ ልጅ ነው። እናት በር ዘግታ ታለቅሳለች፤ ገጣሚው እንባዋን የእምነት ጽናት ብሎ ያወድሰዋል። አዳራሹ አጨበጨበ። የእኔ እጅ ግን አልነሳ አለ፤ በአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ሥር ያለውን የቆሼን ሰፈር አውቀዋለሁና።

ከቆሻሻው ክምር ብዙም ሳይርቅ ዘነበወርቅ የሚባል ሰፈር አለ። በ1920ዎቹ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ የተከፈተው እዚያ ነው፤ አለርት ሆስፒታልም በ1958 ዓ.ም. በዚያው ተመሠረተ። ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ሕሙማን ከታከሙ በኋላ አገራቸው አልገቡም። ወገኖቻቸው «የእግዜር ቁጣ ነው» ብለው ማዕድ ለይተውባቸዋልና እዚሁ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። የበሽታው ተህዋሲ ግን የመጀመሪያው መታከሚያ እዚያ ከመከፈቱ ስድሳ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በኖርዌጂያዊው ሐኪም በሃንሰን ታውቆ ነበር። በእግዜር ተላከከ እንጂ በሩን የዘጋው ፍርሃት ነው።

ዛሬም «ጴንጤ ሆነ»፣ «ሰለመች»፣ «ተጠመቀ» ተብሎ ልጅ ሲባረር ከጀርባው ያው ፍርሃት አለ። «ጎረቤት ምን ይለኛል? ዕድርተኛው ይርቀኝ ይሆን? ስሞት ማን ይቀብረኛል?» ይህ ይሉኝታ ነው፤ ጽናት ብለን አናክብረው።

ጉባኤ ሥርዓቱን አይጠብቅ አልልም። ከአባልነት መሰረዝ የጉባኤ ጉዳይ ነው፤ እናትነትን የሚሰርዝ ጉባኤ ግን የለም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ያላመነው ወገን አብሮ ለመኖር እስከፈቀደ ድረስ ትዳር እንዳይፈርስ መክሯል። ሱረቱ ሉቅማንም ወላጆች ከአላህ ጋር ሌላ እንድታጋራ ቢታገሉህ አትታዘዝ፣ በዚህ ዓለም ኑሮ ግን በመልካም ያዛቸው ይላል። የወሎ ሰው ይህን በድግስ ያውቀዋል፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል፣ ሰርጉ ግን አንድ ነው። ሥጋው ይለያል፤ ዘመድ አይለይም።

በር የሚዘጋ ወላጅ «አንድ ቀን ይመለሳል» ብሎ ራሱን ያጽናናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ እናቶች ከነልጆቻቸው ተቀበሩ። የዚያን ዕለት ጠዋት ማንም ያ ቀን የመጨረሻው መሆኑን አላወቀም። ያቺ የግጥሙ እናትም ልጇን የምታቅፍበት ሌላ ቀን እንዳላት በምን ታውቃለች? እንባዋን አናወድስላት። ሄዳችሁ በሩን ክፈቺ በሏት።