የጎንደር እሳት የማን ነው?

ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና ይዘን ስለ አፄ ቴዎድሮስ ከተነሣ ነገሩ መቼም በአንድ ቁጭት ነው የሚያልቀው፤ «እንግሊዞች ለደብዳቤያቸው መልስ ቢሰጡ ኖሮ!»

እውነት ነው፤ በ1855 ዓ.ም. የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መልስ አጣ። ንቀቱ ያንገበግባል። ግን እኮ መልሱ ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል! በ1858 ዓ.ም. ራሳም የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ ደረሰ። ንጉሡ በክብር ተቀበሉት፤ ቆራጣ እንዲያርፍ አደረጉ፤ ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎቹን እስረኞችም ፈቱለት። ከዚያስ? በሚያዝያ ወር፣ እዚህ ሆነን በምናየው በዘጌ፣ እንግዳውን ራሱን ያዙት። የተፈቱትም ተመልሰው ታሰሩ። ታዲያ ይህም የደብዳቤው ጣጣ ነው?

በኅዳር 1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት የዘረፈውና ከተማዋን ያቃጠለው ናፒየር አይደለም፤ ናፒየር ገና አገራችንን አልረገጠም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲደርስ ያገኘው አብዛኛው ሠራዊቱ ጥሎት የሄደ ንጉሥ ነው። ያን ሁሉ ሰው ያሸሸው የለንደን ዝምታ ነው እንዴ?

ወደድናቸው ብለን እኝህን ኃይለኛ ሰው ሌሎች የሚመሩት ሕፃን አደረግናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ ሽጉጣቸው መሞታቸውን ሲሆን «የራሳቸው ጀግንነት» እንላለን። የጎንደርን እሳት ግን ለእንግሊዝ እናስረክባለን።

እንዴት ሆኖ?